ቢላዋው ይቅደም ወይስ ኬሞው?

ይህን ደብዳቤ የጻፈችው እናት መልሱ በዓምዱ እስኪወጣ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። ዋና ዋናውን በዚያው ምሽት በስልክ ተነጋግረናል። እዚህ የማወጣው በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ደብዳቤውንም አሳጥሬዋለሁ።

«ለእትዬ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 21 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ይማራል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ታሞ አያውቅም። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። ከአራት ወር በፊት የልጄ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ጠቆረ። ኧርጀንት ኬር ሄደ፤ ኢንፌክሽን ነው ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡት። ለጊዜው ተሻለው። ተመለሰበት፤ ድጋሚ አንቲባዮቲክ ሰጡት። ከዚያ ቀኝ ሽንጡን መውጋት ጀመረው፤ ከሳ። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ሲነሣ ቀኝ ኩላሊቱ ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ተገኘ፤ አጠገቡ ያሉ ንፍፊቶችም አብጠዋል። ናሙና ወሰዱ። ስሙ ሬናል ሜዱላሪ ካርሲኖማ ነው አሉን። ከአባቱ የወረሰው ሲክል ሴል ትሬት አለበት (ቀይ የደም ሴልን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠውን ጂን አንድ ቅጂ ይዟል ማለት ነው)፤ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው አሉ።

ቀዶ ሐኪሙ ኩላሊቱ ቶሎ ይውጣ ብሎ ቀን ቆርጦልናል። የካንሰር ሐኪሟ ደግሞ ‹አይሆንም፣ ኬሞ ይቅደም› ትላለች። ማንን ልመን?

ሌላም አለ። የ15 ዓመት ልጄ ነች ከሆስፒታል ሲደወል የምታስተረጉምልኝ። ኢንተርኔት ገብታ ‹15 ሳምንት› የሚል አንብባ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። እሷስ ትመርመር? ልጄ ካንሰር መሆኑን ያውቃል፤ ክፋቱን ግን አልነገርነውም። እህቴ ከአዲስ አበባ የሀበሻ መድኃኒት ልካለች፣ ጸበልም አስጠምቂው ትላለች። አባቱ የእሱ ደም መሆኑን ከሰማ ወዲህ እህል በአፉ አይዞርም። እኔም ተናድጄ የማይባል ነገር ተናግሬዋለሁ። ግራ ገባኝ።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣

በዋናው ጥያቄሽ ልጀምር። እኔ ብሆን የካንሰር ሐኪሟን እሰማለሁ። የቀዶ ጥገናውንም ቀን እሷና ቀዶ ሐኪሙ ቁጭ ብለው እስኪነጋገሩ ድረስ አስተላልፈዋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። ታውቂያለሽ፤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ ብዙውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ካንሰር ክፍል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን በሽታ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ! እስቲ አስቢው፤ ያን ያህል ብርቅ ነው። ከኩላሊት ካንሰሮች ሁሉ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ክፉ ስለሆነ ወይም ስለማያውቅ አይደለም። ከመቶ ሰባ አምስት ያህሉ የኩላሊት ካንሰር «ክሊር ሴል» የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ከኩላሊቱ ካልወጣ ቆርጦ ማውጣት ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው በዚያው ይድናል። ኬሞ ደግሞ ክሊር ሴልን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ኬሞ ለኩላሊት ካንሰር አይሠራም» የሚል ታነቢያለሽ። እውነት ነው፤ ግን የልጅሽን በሽታ አይመለከትም። የልጅሽ ተቃራኒው ነው። ኩላሊት ላይ ይብቀል እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው።

ሜዱላሪ ካርሲኖማ ገና ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከኩላሊቱ ወጥቶ ነው የሚገኘው። ንፍፊቶቹ አብጠዋል ብለሻል። እንዲህ ሲሆን ኩላሊቱን መጀመሪያ ማውጣት ማለት ልጁ ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ሲጠብቅ፣ የወጣው ካንሰር ያለ ከልካይ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ በሽታውን የሚያውቁት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በኬሞ ይጀምራሉ። ዕጢው ከተሸማቀቀ ኩላሊቱን ከነንፍፊቶቹ ያወጣሉ፤ ከዚያ ኬሞው ሊቀጥል ይችላል። ቀዶ ጥገናው ይቀራል ማለት አይደለም። ተራው ነው የተለወጠው። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ከኩላሊቱ ካልወጣ ቢላዋ የሚቀድምበትም ጊዜ አለ፤ አንቺ ከነገርሽኝ ግን የልጅሽ እንደዚያ አይመስልም።

መድኃኒቱ በብዛት ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ናቸው፣ አንድ ላይ በደም ሥር የሚሰጡ። አዲስ ፈጠራ አይደሉም። የማሕፀንና የሳንባ ካንሰር ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል። እነዚህ እንቢ ካሉ ሌሎች ጥምረቶች አሉ፤ ጀምሲታቢን ከዶክሶሩቢሲን ጋር አንዱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። አሁን «ኢሚውኖቴራፒ» የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣ ሕክምና በየቦታው ይወራል። ለሌላው የኩላሊት ካንሰር ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ በሽታ ግን ያንን ወስደው ይባስ ፈጥኖ የተዛመተባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ለክሊር ሴል የሚሰጡት እንደ ሱኒቲኒብ ያሉ እንክብሎችም ለብቻቸው እዚህ ላይ ያን ያህል አይረዱም። ስለዚህ አንድ ሰው «ኬሞ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አዲሱን ጠይቂ» ቢልሽ፣ የትኛውን ካንሰር እያወራ እንደሆነ ጠይቂው።

ከመድኃኒቱ በፊት ግን ስሙ። ስሙ ትክክል መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። የናሙናውን ውጤት ወረቀት በእጅሽ አድርጊ፤ ሆስፒታሉ ሊሰጣችሁ ግድ ነው። ወረቀቱ ላይ «ስማርክ-ቢ-1» ወይም «ኢኒ-1» የሚል ፈልጉ። ሁለቱም የአንድ ፕሮቲን ስም ናቸው። በጤናማ ሴል ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ ካንሰር ውስጥ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የዕጢዎች አመዳደብ በሽታውን የሚጠራው በዚህ በጎደለው ፕሮቲን ስም ጨምሮ ነው። ምርመራው ካልተሠራ ይሠራ። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታይ «ኮሌክቲንግ ዳክት» ከሚባለው ሌላ ብርቅ የኩላሊት ካንሰር ጋር ሊምታታ ይችላል።

ከዚያ ስላይዶቹ ይላኩ። ናሙናው በቀጫጭን ተቆርጦ መስታወት ላይ የተለጠፈው ማለቴ ነው። ሰው ሳይጓዝ ስላይዱ ይጓዛል። ይህን በሽታ ከማንም በላይ የሚያዩት ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ያለው ኤም ዲ አንደርሰን ነው። የሕክምናውን መመሪያ ከጻፉት ዋነኞቹ እዚያ ናቸው። ኬሞውን ግን እዚያ ሄዶ መውሰድ የግድ አይደለም፤ የእነሱን ምክር ይዛ የአንቺዋ ሐኪም እዚሁ ልትሰጠው ትችላለች። እሷን «ይህን በሽታ ስንት ጊዜ አይተሻል?» ብለሽ ብትጠይቂ ነውር አይደለም። ጎበዝ ሐኪም በዚህ አይቀየምም፤ ራሱ ስልክ አንሥቶ ይደውላል።

ለእናንተ ደግሞ ቅርብ የሆነ አለ። ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ብርቅ ካንሰሮችን የሚያጠና «ማይፓርት» የሚባል መረብ አለው፤ ይህም በሽታ ከሚያጠናቸው ውስጥ ነው። በጥናት የገባ ሰው እዚያ ለሚደረግለት ሕክምና አይከፍልም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? መንገዱ ካልተዘጋ ሃያ እንኳ አይሞላም። ሰው ከየክፍለ ሀገሩ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣበት ቦታ ነው እኮ።

ስሙ ራሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቤተስዳ ማለት የዮሐንስ ወንጌሏ ቤተ ሳይዳ ነች፤ መጻጉዕ ውኃው እስኪናወጥ 38 ዓመት በሽታ ላይ ሆኖ የጠበቀባት መጠመቂያ። እህትሽ «ጸበል» ስትል መጀመሪያ የመጣብኝ ይኸው ነው። «ሰው የለኝም» ነበር ያለው መጻጉዕ።

ወደ ጸበሉ ገባሁ መሰለኝ፤ እንግዲህ ልጨርሰው። ልጅሽ ከፈለገ ይጠመቅ። ማንም ሐኪም አይከለክለውም፣ እኔም አልከለክለውም። ኬሞ ላይ ሳለ ግን ነጭ የደም ሴሉ የሚወርድበት ሰሞን አለ፤ ያን ጊዜ ያልተጣራ ውኃ መጠጣትና ብዙ ሰው መሀል መጋፋት ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። ቀኑን ከነርሷ ጋር ተማክራችሁ ምረጡ። ለኬሞው ደም ሥሩ ላይ የተተከለ ቱቦ ካለው ደግሞ ያ ቦታ እንዳይረጥብ። መጾም የሚባል ነገር አይታሰብ፤ የንስሐ አባታችሁም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ጠይቂያቸው። የሀበሻው መድኃኒት ግን መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ምን እንዳለበት አናውቅም። ኩላሊትና ጉበት የሚጎዳ ሥር ሊኖርበት ይችላል፤ የኬሞውንም ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። እህትሽን «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» በያት፤ በፍቅር ነው የላከችው። ቀድሞ የቀመሰው ነገር ካለ ለሐኪሟ ሳትደብቁ ተናገሩ።

አሁን ወደ «15 ሳምንት» እንምጣ። ቁጥር ማየት ካልፈለግሽ ይህን አንቀጽና ቀጣዩን ዝለያቸው፤ ምንም አይቀርብሽም። ልጅሽ ያነበበችው ቁጥር ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። በሽታው ስም ያገኘው በ1995 ነው። ቻርልስ ዴቪስ የሚባል ሐኪምና ሁለት ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካ ጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም ለዓመታት ከተጠራቀሙ ናሙናዎች መካከል ሠላሳ ከምናምን ተመሳሳይ ዕጢዎች ለቅመው አወጡ። ሁሉም ለማለት ይቻላል ወጣቶች ነበሩ፤ ሲክል ሴል ትሬት ያለባቸው። ሲክል ሴል ኩላሊትን የሚጎዳባቸው ስድስት መንገዶች ቀድመው ይታወቁ ነበርና ይህንን ሰባተኛው አሉት። ተቋሙ የነበረው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከእናንተ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወረድ ሲባል፣ የድሮው ዋልተር ሪድ ግቢ ውስጥ ነው። እንጀራ ልትገዢ ስትሄጂ በበሩ አልፈሽ ይሆናል። እነዚያ ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በኋላ በአማካይ የኖሩት 15 ሳምንት ነበር። እንግዲህ ያ ቁጥር በሽታው ስም ሳይኖረው፣ ማንም በምን እንደሚታከም ሳያውቅ የታከሙ ሰዎች ቁጥር ነው።

በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት 52 ሕሙማንን ተከታትሏል። እዚያ መካከለኛው 13 ወር ሆኗል። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል ማለት ነው። በሽታው ሳይሠራጭ የተገኘባቸውና ኬሞው የሠራላቸው፣ ዓመታት ያስቆጠሩ አሉ። ልዋሽሽ አልችልም፤ ከባድ በሽታ ነው። ግን ልጅሽ ያየችው ቁጥር የወንድሟ ቁጥር አይደለም። ይህን አንቺ ራስሽ ንገሪያት።

እሷን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። የ15 ዓመት ልጅ የወንድሟን ካንሰር ማስተርጎም የለባትም። ከባዱን ቃል መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። ለአንቺ እንዴት እንደምትለው እዚያው ስልኩ ላይ ትጨነቃለች፤ ከዚያ ማታ ብቻዋን ኢንተርኔት ትገባለች። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ወዲያው ይገኛል። ሲደውሉልሽ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በይ፤ ሌላ ቃል አያስፈልግሽም። ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን አንቺ አንሺ።

ትመርመር ወይ ላልሽው፣ ምናልባት ተመርምራ ይሆናል። ከ2006 ጀምሮ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የተወለደ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ ሲክል ሴል ይታይለታል። የሕፃናት ሐኪሟ ጋ ደውለሽ የልደቷን ምርመራ ውጤት ጠይቂ። እዚህ ተወልዳ ከሆነ መዝገብ ላይ መኖር አለበት። አባቷ ተሸካሚ ሆኖ አንቺ ነጻ ከሆንሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ ትሬቱን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሙሉ በሽታው ግን አይያዘውም፤ ለዚያ ከሁለታችሁም መውረስ ያስፈልጋል። አንቺም አንድ ጊዜ ደምሽን ታዪው።

ትሬቱ ቢኖርባትም አትደንግጪ። አሜሪካ ካሉ ጥቁሮች ከ13 አንዱ ተሸካሚ ነው። ይህ ካንሰር የሚይዘው ከ20 ሺህ እስከ 39 ሺህ ተሸካሚዎች መካከል አንዱን ብቻ እንደሆነ ይገመታል። በየዓመቱ ኩላሊትሽን እንይ የሚል መመሪያም የለም። ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ነው፤ ሽንቷ ውስጥ ደም ካየች ወይም ሽንጧን ከወጋት «ሲክል ሴል ትሬት አለብኝ» ብላ መናገር። ሐኪሙም ሽንት ብቻ መርምሮ እንዳይሸኛት፣ ኩላሊቷ በምስል ይታይ። ትሬት ያለበት ሰው ሽንቱ ደም ቢቀላቅል አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ግን ሳይታይ አይታለፍም።

ልጅሽም ይህ ነው የቀረበት። የ21 ዓመት ወንድ ልጅ የሽንት ኢንፌክሽን ብዙም አይገጥመውም። ሁለተኛ ሲመለስ ስካን መነሣት ነበረበት። ይህን የምጽፈው ሌላ እናት ብታነበው ብዬ ነው፤ አንቺ ግን በዚህ አትቃጠዪ። ዕጢው ልጁ ክሊኒኩ ከመሄዱ በፊትም ነበረ።

አሁን ከባዱ። ልጁ ክፋቱን አያውቅም ብለሻል። እህቴ፣ 21 ዓመቱ ነው። በዚህ አገር ሕግ ሐኪም የሚያናግረው እሱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም። እንዲያውም እሱ አይነገር ካለ ለአንቺ ሊነግሩሽ አይችሉም። ስልክ ደግሞ አለው። እህቱ ያነበበችውን እሱ አላነበበውም ብለሽ ታስቢያለሽ?

እኛ አገር መርዶ በሌሊት ነው የሚነገረው፤ በሽታም እንደ መርዶ ይደበቃል። እኔም ደብቄአለሁ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ጉበቱን ሲታመም «ቁስለት ነው» አልነው። ነርስ ሆኜ! ሐኪሙን ለምኜ ዝም አስባልኩት። ወንድሜ ከመሞቱ ከሁለት ሳምንት በፊት እጄን ይዞ «እናንተ እንዳታዝኑ ብዬ ነው እንጂ ካወቅሁ ቆየሁ» አለኝ። እሱ ለእኛ ሲያስመስል፣ እኛ ለእሱ ስናስመስል፣ ልንነጋገር የምንችልባቸው አራት ወራት አለፉ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቁጥሩን ንገሪው አላልኩም። «የምታውቀውን ንገረኝ፤ እኔም የማውቀውን እነግርሃለሁ» በይው። ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ ራሱ ይወስን። አንዳንዱ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ «ቀጣዩ እርምጃ ምንድነው» ብቻ ይላል። ሁለቱም ልክ ነው።

ደግሞም እሱ ካልነቃ የሚያመልጠው ነገር አለ። ኬሞ ዘርን ሊጎዳ ይችላል። ወንድ ልጅ ከመጀመሩ በፊት ዘሩን ባንክ ማስቀመጥ ይችላል፤ አንድ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። እናት ይህን ለልጇ ልትነግር ታፍራለች፣ ልጅም ከእናቱ ጋር ማውራት አይወድም። ስለዚህ ሐኪሟ ለብቻው እንድታነጋግረው ጠይቂያትና ከክፍሉ ውጪላቸው። ኬሞው አንዴ ከተጀመረ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ኬሞ ሲጀምር ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። ሙቀቱ 38፣ በእነሱ አቆጣጠር 100.4፣ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ደውላችሁ ድንገተኛ ክፍል ነው። «ይነጋና እናያለን» የለም። ለሕመሙ አድቪል አትስጪው፤ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ደሙም እንዳይረጋ ያደርጋል። የሚያስታግስለትን እነሱ ያዙለት። ጣቶቹን ሊያደነዝዘው ይችላል፣ ፓክሊታክሰል ይህ ጠባይ አለው፤ ቶሎ ይናገር፣ መጠኑ ይስተካከላል። ጸጉሩ ይረግፋል። «ፓሊየቲቭ ኬር» የሚባሉ ሰዎች እናግዝ ብለው ቢመጡ ደግሞ ደንግጠሽ አትመልሻቸው። ተስፋ ቆርጠው አይደለም የመጡት፤ ሕመምና ማስመለስ የሚያስታግሱ ባለሙያዎች ናቸው፣ ከኬሞው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ኢንሹራንሱ በአንቺ ወይም በአባቱ ሥራ ከሆነ እስከ 26 ዓመቱ አይነካም። ትምህርቱን ቢያቋርጥም።

ኳሱ ነው ወይ ብለሽ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። ጨርሶ የሚያለፋ ስፖርት ትሬት ባላቸው ሰዎች ላይ ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ የሚጠቁም ጥናት በ2021 ወጥቷል። የኩላሊት መሀሉ ድሮም ኦክሲጅን የሚያንሰው ቦታ ነው፤ ሰውነት ሲለፋ ደግሞ ይብስበታል። ያን ጊዜ ቀይ የደም ሴሎቹ እንደ ማጭድ ይጎብጡና ጥቃቅኗን ደም ሥር ይዘጋሉ። ይህ ሲደጋገም ነው ሴሉ የሚበላሸው ብለው ያስባሉ። መጠነኛ እንቅስቃሴ ግን አይጎዳም ነው የሚሉት። ኳስ የሚጫወት፣ ትሬት ያለበት፣ ምንም ያልሆነ ሺህ ልጅ አለ። ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ አንቺም፣ አሠልጣኙም።

አባቱም ቢሆን። ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ሲክል ሴልን እምብዛም ስለማንሰማው እንደ እርግማን ይመስለናል። አይደለም። ይህ ጂን በአባቶቹ አገር የበዛው ከወባ ስለሚከላከል ነው። አንዱን ቅጂ ብቻ የወረሰ ሕፃን በወባ የመሞት ዕድሉ ያነሰ ነው። የባልሽ አያቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሱ ይሆናል። ልጅሽ ከአባቱ የወረሰው ይህንን ነው። ምን እንዳልሽው አልጠይቅሽም። ግን «ተናድጄ ነው፣ የእኔም ጥፋት አይደለም ያንተም አይደለም» ብለሽ ቀድመሽ አንቺ ተናገሪ። እሱ ሊጀምረው አይችልም።

ከዚያም ሥራ ስጪው። ስላይዶቹን ሂዩስተን ማስላክ ወረቀት አለው፣ ፊርማ አለው፣ በየቀኑ ስልክ መደወል አለው። ቤተስዳ መደወልም አለ። ያንን ሁሉ እሱ ይያዘው፤ እንግሊዝኛው ከአንቺ ይሻላል ብለሽኛል። አንቺ ለሐሙሱ ቀጠሮ የናሙናውን ወረቀት ያዢ፤ አስተርጓሚውን ዛሬውኑ አስመዝግቢ።

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትወጪ እደውልልሻለሁ።